ጫማ የሚወለቅለት ኮምፒውተር

ሰኞ

እኔ አስቴር ሄራሞ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ የሆሳዕና ነዋሪ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳይገርፈኝ የሚከተለውን እናዘዛለሁ፤ ከእማዬ ቅቤ ላይ አንድ ጣት ወስጃለሁ። አንድ ጣት ብቻ። ለፀጉሬ ነው። ፀጉሬም ጠጥቶ ስለ ጨረሰው ማስረጃ የለም።

ችግሩ እማዬ የምትለው ሌላ ነው። «ጭብጥ ሙሉ ነው የጎደለው! ለአተካና ምግብ ያስቀመጥኩት! በኮባ ጠቅልዬ፣ ከላይ ድንጋይ ጭኜበት!» እያለች ከጓዳ እስከ በር ተመላለሰች። አንድ ጣት እንዴት አድርጎ ጭብጥ ይሆናል? ሌላ ሌባ አለ ማለት ነው። ይህን ብናገር ግን የራሴንም ጣት ማውጣት ሊኖርብኝ ነው። ድመቷ ተገረፈች። እስካሁን ከአልጋ ሥር ሆና ታየኛለች፤ የምታውቅ ይመስለኛል።

ይህን ስጽፍ አባዬ ገባ። ከሥራ የሚወጣበት ሰዓት ገና ነው። ኮፍያውን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

«አልነሣ አለ» አለ።

«ማን?» አለች እማዬ።

«ኮምፒውተሩ።»

እማዬ የታመመ ሰው መስሏት «እግዚአብሔር ይማረው» ልትል አፏን ከፍታ ነበር፤ መለሰችው።

ይህን ደብተር ሰርቆ ለሚያነብ ሰው (ወንድሜ፣ አንተን ነው) ይብራራልህ። አባዬ የውሃ ፕሮጀክት ቢሮ ሠራተኛ ነው። ድሮ ታይፒስት ነበር፤ ኮምፒውተር ሲመጣ «ጣቱ ፈጣን ነው» ተብሎ ለኮምፒውተሩ ተዳረ። ከአንጋጫ እስከ ሞርሲቶ፣ ከሞርሲቶ እስከ ፎንቆ ያለው ምንጭ ሁሉ በበጋ ምን ያህል ይወርዳል፣ በክረምት ምን ያህል ይወርዳል ተብሎ የተለካው በእሱ ጣት አልፎ ማሽኑ ሆድ ውስጥ ገብቷል። ዓርብ ከበላይ አካል ሰዎች ይመጣሉ። ያንን አይተው ቧንቧ የትኛው ቀበሌ እንደሚገባ ይወስናሉ።

ወረቀቶቹስ? ሥራ አስኪያጁ አቶ ጌታቸው «ኮምፒውተር ባለበት ቢሮ ወረቀት መከመር ኋላ ቀርነት ነው» ብለው ለገበያ አሸጧቸው። ባለፈው ሳምንት የበላሁት ቆሎ የተጠቀለለው በአንጋጫ ምንጭ ነበር።

ስለዚህ ያለው አንድ ማሽን ነው። እሱም አልነሣ አለ።

ማክሰኞ

አባዬ ቁርስ አልበላም። ከትምህርት ቤት ስመለስ እማዬ ምሳ አሲዛ ወደ ቢሮ ላከችኝ።

የኮምፒውተሩ ክፍል ከጸሎት ቤት ይከበራል። መስኮቱ በፕላስቲክ ታሽጓል። ማሽኑ እማዬ በሠራችው ዳንቴል ተሸፍኖ እንደ ሙሽራ ይቀመጣል። ሲመጣ «አቧራ ጠላቱ ነው» ስለ ተባለ ጫማ በር ላይ ማውለቅ ሕግ ሆኖ ነበር። አቶ ጌታቸው ካልሲያቸው የተቀደደ ቀን ሕጉን ለራሳቸው ሰረዙት፤ ከዚያ ሁሉም ተከተላቸው። አሁን ጫማ የሚያወልቀው አባዬ ብቻ ነው። በር ላይ አንዱን በሌላው ተረከዝ ገፋ፣ ሌላውን በእጁ ሳብ ያደርጋል። ዛሬም እንዲሁ።

ጄኔሬተሩ ተነሣ። ማሽኑ ነፈሰ፣ ጮኸ፣ ስክሪኑ ላይ በአረንጓዴ ፊደል አንድ የእንግሊዝኛ መስመር ጻፈ፤ ከዚያ ቆመ። አቶ ጌታቸው መስመሩን ጮክ ብለው፣ ጥርት አድርገው አነበቡት። ሁላችንም ጠበቅን።

«ምን ማለት ነው?» አለ አባዬ።

«ማለት… ብልሽት ነው» አሉ አቶ ጌታቸው።

አጠፉት፣ አበሩት። ከኋላው እፍ አሉበት። አቶ ጌታቸው በፍቅር ጎኑን መታ መታ አደረጉት፣ እንደ ሰነፍ በቅሎ። ልሥቅ ስል የቡትስ ድምፅ ተሰማ።

ጓድ ክፍሌ ነው፤ የወረዳው የፓርቲ ሰው። ከነጫማው ገባ። በሬ እንደሚገዛ ሰው ማሽኑን አንድ ጊዜ ዞረው።

«መሣሪያ በራሱ አይጠፋም፣ ጓድ ሄራሞ። ሰው ነው የሚያጠፋው።»

«ጓድ ክፍሌ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ከእኔ በቀር ማንም አልነካውም» አለ አባዬ።

«እኔስ ሌላ ምን አልኩ?»

የያዝኩት የምሳ ዕቃ ክዳን በራሱ ተንቀጫቀጨ፤ ማለቴ እኔ ነኝ።

ከዚያ ጓድ ክፍሌ ያችን ቃል አወጣት፤ አሻጥር። የመጋዘኑ ሠራተኛ አቶ ኤርሱሞ በጎደለ ናፍጣ ምክንያት በዚያች ቃል «ለጥቂት ጥያቄ» ተጠርተው ነው የሄዱት። ሚስታቸው እስከ ዛሬ ስንቅ ታመላልሳለች። አባዬ ደግሞ ድሮም በዓይን ውስጥ ነው፤ መንግሥት ያሸገው ቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው። አሁን እሑድ እሑድ የምንሰበሰበው እኛው ቤት፣ ከጓሮ ባለችው ክፍል፣ መዝሙሩን በአፍንጫችን እያንጎራጎርን ነው። ጓድ ክፍሌ ይህን አያውቅም ብሎ የሚያምን ካለ አባዬ ብቻ ነው።

አቶ ጌታቸው ቴሌ ሄደው አዲስ አበባ ደወሉ። «ሃሎ! ሃሎ! ኮምፒውተር! አይ፣ ኮምፖስት አይደለም!» ሲሉ ከመንገዱ ማዶ ይሰማ ነበር። አንድ ኢንጂነር በነገው አውቶቡስ ይመጣል ተብሏል።

ረቡዕ

መጣ። ስሙ ዳንኤል ነው። ኢንጂነር ሲባል ሽበትና ሆድ ጠብቄ ነበር፤ እሱ ከሲታ ልጅ ነገር ነው፣ ነጭ ሸራ ጫማ ያደረገ። ከአውቶቡስ ማቆሚያው እስከ ቢሮ ድረስ ባለው አቧራ ጫማው የእኛን አገር ቀለም ያዘ። አቶ ጌታቸው ስላላመኑት ሁለት ጊዜ «አንተ ነህ?» አሉት።

ማሽኑን ከፈተው። ሁሉም እንደ ሬሳ ምርመራ ከበውት ቆሙ። እኔ በበሩ ስንጥቅ ነበርኩ።

«ባትሪው ነው የሞተው» አለ። «ማሽኑ ሆድ እንዳለው በዚህ ባትሪ ነው የሚያስታውሰው። ባትሪው ሲሞት ሆዱን ረሳ። ሰሞኑን ሰዓቱን ያዛባ አልነበር?»

«ያዛባ ነበር!» አለ አባዬ። «ቀኑንም ዓመቱንም ይስት ነበር።»

«በቃ፣ ያኔ ነው ማቃሰት የጀመረው።»

«ያስገባሁትስ?»

«አለ። እንዳለ አለ። በዚህ ዲስኬት አስነሥቼ ሆድህ ይኸውልህ እለዋለሁ፣ ከዚያ ሁሉንም እንገለብጣለን።»

አባዬ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። የአርባ አምስት ዓመት ሰው፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ በካልሲው፣ መሬት ላይ።

«ለመሆኑ ቅጂ የላችሁም? ዲስኬት አልተሰጣችሁም?» አለ ዳንኤል።

«ተሰጥቶናል» አሉ አቶ ጌታቸው በኩራት። «ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። አንድም አልተነካም። አዲስ ነው!»

ዳንኤል አያቸው። እሳቸውም አዩት። እማዬም አዲሶቹን ብርጭቆዎች ለእንግዳ ብላ አስቀምጣ ስድስት ዓመት በቆርቆሮ ጠጥተናል፤ ስለዚህ የአቶ ጌታቸው ነገር ይገባኛል።

ዳንኤል ማስነሻ ዲስኬቱን ከፊት ባለው ስንጥቅ አስገባ። ማሽኑ አጉረመረመ። ግር… ግር… ግርርር። አላነበበም። አወጣ፣ አስገባ። ሌላ ዲስኬት። ግርርር። ማሽኑ የዳነ ሲመስለን አፉ ተዘጋበት።

«ነገ በብርሃን አየዋለሁ» አለ። ድምፁ ግን የቅድሙን ያህል አልሞላም።

ሐሙስ

በብርሃንም አየው። እምቢ።

«ዲስኬት ማንበቢያው ተበላሽቷል። መለዋወጫ እዚህ የለኝም። ማሽኑን ይዤው አዲስ አበባ ልሂድ፣ በሳምንት…»

«የትም አይሄድም» አለ ጓድ ክፍሌ። «ይህ ማስረጃ ነው። እንግዶቹ ነገ ከሰዓት በኋላ ይገባሉ። ጓድ ሄራሞ፣ ነገ ጠዋት ቢሮዬ መጥተህ ቃልህን ትሰጣለህ። ወፍራም ልብስ ልበስ፤ ቢሮዬ ይበርዳል።»

እንዲህ ነው ያለው። በየካቲት ፀሐይ።

ወጥቼ መሄድ ሲገባኝ ዳንቴሉን ከጥግ አነሣሁት፤ አቧራ ጠጥቷል፣ እማዬ ትጠበው ብዬ። አጣጥፌ ብብቴ ሥር ሳደርገው ሸተተኝ።

ቅቤ።

እንዲሁ ቅቤ አይደለም። የእማዬ ቅቤ ነው። እሷ የምትጨምርበትን ቅጠል የሚጨምር ሌላ ሰው ሠፈራችን ውስጥ የለም። ዘረጋሁት። በማሽኑ ፊት በኩል በሚንጠለጠለው ጫፉ ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቅባት ክብ ሠርቷል።

ጭብጥ ሙሉ።

ይዤው ወጣሁ፤ መንገድ ላይ እንደ ቆምኩ ሁሉም ነገር ተገጣጠመልኝ። ባለፈው የገበያ ቀን አያቴ ከፎንቆ መጥተው ነበር። አባዬ በኩራት ቢሮ ወስዶ ማሽኑን አሳያቸው፤ እግረ መንገዱንም ሰሞኑን ቀን እየሳተ እንዳስቸገረው ነገራቸው። ማታ እራት ላይ አያቴ እንዲህ አሉ፤ «ሳይመረቅ ነው የገባው። ልጅ ሲወለድ ግንባሩን ቅቤ ይቀባል፣ ሙሽራ ስትገባ ትቀባለች። ይህን ያህል ሥራ የምታሸክመው ፍጥረት ማን ቀባው?» አባዬም በአዛውንት ፊት እንደማይገባ አድርጎ ኮስተር ብሎ፣ «አባቴ፣ እኛ ያንን ትተናል። ቅቤ ለምግብ ነው» አለ። አልበቃውም፤ እሑድ በጓሮዋ ክፍል ሙሉ ስብከት ሰበከበት። አንዲት አሮጊት እስከ ማልቀስ ደርሰው «ይቅር በለኝ ጌታ፣ የልጅ ልጄን ቀብቻለሁ» ብለው ተናዘዙ።

እሱ ደግሞ በማግስቱ የእማዬን ቅቤ በኪሱ ይዞ ቢሮ ገባ።

አየሁት፤ ማለቴ በዓይነ ሕሊናዬ። ጫማውን አውልቆ፣ ግራ ቀኝ አይቶ፣ ጭብጡን ግንባሩ ላይ። የማሽን ግንባር የት ነው? ከፊት፣ ከላይ። ስንጥቁስ የት ነው? እዚያው ሥር። ማሽኑ ሲሞቅ ቅቤው ቀለጠና የተመረቀው አፍ ተዘጋ።

መሣቅ አማረኝ፣ ከዚያ መዘዙ ታየኝ። ለጓድ ክፍሌ ቢነገር አሻጥሩ በገዛ እጁ ተረጋገጠ ማለት ነው። ለሽማግሌዎቹ ቢነገር ባለቀሱት አሮጊት ፊት ቆሞ ከኅብረት ይታገዳል። ዝም ቢባል ማሽኑ አይነሣም፣ ነገ ጠዋትም ወፍራም ልብስ።

እራት ላይ ሞከርኩት።

«አባዬ፣ ቅቤ ብረት ያበላሻል?»

የጎረሰው ቆጮ ከጉሮሮው ጋር ተጣላ። እማዬ ጀርባውን መታችው። ውሃ ጠጣ፣ ዓይኑን ጠረገ።

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?» አለ።

«የሳይንስ የቤት ሥራ ነው።»

«አያበላሽም» አለ ቀስ ብሎ። ጣሳውን አስቀምጦ ደግሞ፣ «አላውቅም፣ አስቱ። ማንም አልነገረኝም።»

አስቱ ብሎ የሚጠራኝ ስታመም ብቻ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ካፖርቱን ከሣጥን አወጣ። እማዬ ምንም ሳትጠይቅ የላላውን ቁልፍ መስፋት ጀመረች። መርፌውን ሁለት ጊዜ ጣቷ ላይ ሰካች።

ዓርብ

የምጽፈው ከቢሮ ነው። ከኮምፒውተሩ ክፍል። የአባዬ ወንበር ላይ ተቀምጬ። እንዴት እንደ ደረስኩ በፍጥነት።

ጠዋት አባዬ ካፖርቱን ለብሶ ወጣ። እማዬ በር ላይ አቅፋ ያዘችውና፣ ጎረቤት እንዳያይ ብላ ቶሎ ለቀቀችው። እኔ ወደ ትምህርት ቤት ታጠፍኩ፤ ቀጥሎ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው።

ዳንኤል ቦርሳውን ጣራ ላይ አስጭኖ ለውዝ ይበላ ነበር።

«ጋሼ ዳንኤል፣ የሄራሞ ልጅ ነኝ። የምነግርህን ነገር ሰምተህ እንዳትሥቅ። ከሣቅህም እዚህ ሣቅና እዚያ እንዳትሥቅ።»

«እሺ፣ ምንድን ነው?»

«ቅቤ ነው።»

«ምኑ?»

«አፉ ውስጥ ያለው። ግንባሩን ተቀብቶ… ቀልጦ ገብቶበት ነው። ባህላችን ነው። አዲስ ነገር ሲገባ ይቀባል። ታሞ ነበር፣ እንዲሻለው ብሎ ነው። ለማጥፋት አይደለም፣ በእግዚአብሔር ስም እልሃለሁ፣ ለማዳን ነው።» እዚህ ላይ ድምፄ ተሰበረብኝ። ይህን ስጽፈው አሁንም አፍራለሁ።

አልሣቀም። የያዘውን ለውዝ ኪሱ ከተተ። «እኔ ሻይ የጠጣ ማሽን አውቃለሁ» አለ። «አይጥ የወለደበት አውቃለሁ። የተመረቀ ግን ይኸ የመጀመሪያዬ ነው።» ከዚያ ለአውቶቡሱ ረዳት ጮኸ፤ «ወንድም! ቦርሳዬን አውርድልኝ!» ረዳቱ የሰደበውን ስድብ እዚህ አልጽፈውም።

ከጤና ጣቢያ አልኮልና ጥጥ ለመንኩ። «ማን ቆሰለ?» አሉኝ። «ኮምፒውተር» አልኩ፤ ቀልድ መስሏቸው ሰጡኝ። ቢሮ ስንመለስ ዳንኤል ማንበቢያውን ነቅሎ አወጣው። ውስጡ የረጋ፣ ቢጫ፣ አቧራ የለበሰ ቅቤ። እየጠረገ ጥጡን ለእኔ ይሰጣል፣ እኔ በቀሚሴ ኪስ እደብቃለሁ። አቶ ጌታቸው አንገታቸውን በበሩ አስገቡ።

«ምን ተገኘ?»

«እርጅናና አቧራ» አለ ዳንኤል ዘወር ሳይል።

«ብያለሁ እኮ! አቧራ ጠላቱ ነው!» አሉ፤ ከነጫማቸው ቆመው።

ዲስኬቱ ገባ። ግር አለ። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ፤ ጥክ ጥክ ጥክ፣ ዶሮ ጥሬ ስትለቅም የምታሰማው ዓይነት። አነበበ! ዳንኤል ከጎኑ ከተለጠፈው ወረቀት ላይ የሆዱን ቁጥር አይቶ ለማሽኑ ነገረው። ሳያጠፋ እንደገና አስነሣው። አረንጓዴ መስመሮች ከታች ወደ ላይ መጡ፣ መጡ፣ መጡ። አንጋጫ። ሞርሲቶ። ፎንቆ። ሁሉም በአባዬ ጣት የተጻፉ። አቶ ጌታቸው ቁም ሣጥኑን ከፈቱ። «በስንት ጥንቃቄ ጠብቄያቸው ነበር» አሉ ዲስኬቶቹን እንደ ልጆቻቸው እያዩ።

አሁን እየተገለበጠ ነው። ዳንኤል ለባዶ ሆዱ (የማሽኑን ሳይሆን የእሱን ማለቴ ነው) እንጀራ ሊፈልግ ወጣ። «አንዱ ሲሞላ ማሽኑ ይጠይቅሻል፤ አውጥተሽ ሌላውን ክተቺ» አለኝ። አቶ ጌታቸው ወደ ጓድ ክፍሌ ቢሮ ሄደዋል፤ «ተነሥቷል ብዬ ልንገራቸው» ብለው። ሮጠው ነው የሄዱት፣ ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ማንም አልመጣም። እንግዶቹም አልመጡም። አባዬም።

ጓድ ክፍሌ ቢነገረውስ አባዬን ይለቀዋል? «እንግዲያው ለምን ጠፍቶ ነበር?» ቢልስ? ጓድ ክፍሌ እንዲህ ይላል፣ አውቀዋለሁ። አባዬ ደግሞ መዋሸት አይችልም። አንድ ጊዜ ብቻ ነው በሕይወቱ ነገር የደበቀው፣ እሱንም ዳንቴሉ መሰከረበት።

ማሽኑ ጠየቀ። አወጣሁ፣ ከተትኩ። ጥክ ጥክ ጥክ።

ቀሚሴ ኪስ ሸተተኝ። ጥጦቹን መጣል አለብኝ። የት? መስኮቱ ታሽጓል። ጠረጴዛው ላይ አወጣኋቸው፤ ሰባት ስምንት ቢጫ ጥጥ፣ ከዚህ ደብተር ጎን።

የግቢው በር ጮኸ።

ሁለት ሰው ነው። አንዱ ቡትስ ነው። ደረጃው ላይ ይነጋገራሉ፣ አይሰማም። ቡትሱ ቆመ። ተመለሰ። ራቀ?

ሌላው እየመጣ ነው። ጥጦቹን ልሰብስብ፣ ግን ማሽኑ እንደገና እየጠየቀ ነው፣ የትኛውን ላስቀድም—

በሩ ጋ ቆመ። አይገባም። ምን ይጠብቃል?

ጫማ ሲወልቅ ይሰማኛል። አንዱ በተረከዝ ተገፋ። ሌላው።

«አስቴር!»